ስላረፉት ሠራተኞችና ስለ አሥራ አንድ ሰዓት

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የሠራተኞች ጤና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጤናችንን ከጤና መምሪያው እንዲያስጥሉልን ስለመማጸን

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብዬ እንዳይመስልዎ፤ መምሪያዎ ከተቋቋመበት ከሦስት ወር ወዲህ የእኛን የልብ ምት፣ የእኛን ወገብና የእኛን እንቅልፍ ሲከታተሉ፣ የእርስዎን ደኅንነት የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩን ስለታዘብኩ ቢያንስ እኔ ልጠይቅ ብዬ ነው። ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ፍጹም ጤናማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚህ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ቀይ እስክርቢቶ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፣ የጎደለውን ፊደል እሞላለሁ፣ የተረፈውን እሰርዛለሁ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ ይሁን የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በእጄ ሳያልፍ ታትሞ አያውቅም። በእጄ ሳያልፍ የወጣው የመጀመሪያው ወረቀት «ሥራ ለሚበዛባቸው ሠራተኞችና ቤተሰቦች ቀላል የጤና ልማዶች» የሚለው የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። ለዚህም ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ዓይኔን አስበውልኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

ማስታወቂያው አንድ ብሎ ይጀምራል፣ ሁለት ይላል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አራት ይሻገራል። ሦስተኛው ልማድ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የወረቀት ቆራጮቹ «ሦስተኛው መተንፈስ ነው፤ ፈቃድ ስላልተገኘ ተዘለለ» እያሉ ያሾፋሉ። እኔ ግን ለዋናው ጽሑፍ ታማኝ መሆን የሙያዬ ግዴታ ስለሆነ፣ ቅሬታዬን በእርስዎው አቆጣጠር አቀርባለሁ።

1. ስለ ውሃ። በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ እንድንጠጣ አዘዋል፤ ግሩም ነው። በየፎቁ የውሃ ማጣሪያ አስተከሉልን፣ በየጠረጴዛችንም የጠጣነውን የምንሞላበት ቅጽ አስቀመጡልን። በዚያው ሳምንት ግን የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ «ለንጽሕና ቁጥጥር ያመች ዘንድ» ከጸሐፊዎ መሳቢያ ገባ። ጸሐፊዎ ደግሞ ሰው ናቸውና ምሳ ይወጣሉ፣ ስብሰባ ይገባሉ፣ ስልክ ያነጋግራሉ። ስምንቱን ብርጭቆ ጨርሶ ከበራቸው ላይ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ እያፈራረቀ የሚቆመውን ሠልፍ ብቅ ብለው ቢያዩት፣ ስለ አካል እንቅስቃሴ የሰጡን ምክር በምን ያህል ትጋት እየተፈጸመ እንደሆነ ተመልክተው ደስ ባለዎት ነበር።

2. ስለ ደረጃ። ደረጃ መውጣት ልብን ያጠነክራል ብለው ሊፍቱን አሸጉት። ሕንፃው አራት ፎቅ ነው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ በጠዋትና በከሰዓት ባልዲ ተሸክመው ይወጡታል። ባለፈው ጊዜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው «የኔ ልጅ፣ ልቤስ ድሮም ጠንካራ ነው፤ ጉልበቴን ነው የጨረሰብኝ» አሉኝ። ክቡርነትዎ ደግሞ የወረቀት ጥቅል በሚወጣበት የዕቃ ሊፍት፣ ከጥቅሎቹ መሐል ቆመው ሲወጡ መታየትዎ ለአንዳንድ ሐሜተኞች መነሻ ሆኗል። እኔ በበኩሌ ወረቀቱ ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው እያልኩ በየሄድኩበት እከላከልልዎታለሁ።

3. እርስዎ ዘንድ ስለሌለ እኔም ዘንድ የለም።

4. ስለ ዕረፍት። እዚህ ላይ ትንሽ እንዳረዝም ይፍቀዱልኝ፤ ነገሩ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ነውና። ሠራተኛው በየሁለት ሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ ከሥራው ተነሥቶ እንዲያርፍ ወሰኑ። ለማስታወሻም ከየማሽኑ በላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «አርፈው ይሥሩ!» የሚል ሰሌዳ አሰቀሉ። ኃይልን አድሶ መሥራት ለማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ነገር ግን እናቱ «አርፈህ ተቀመጥ!» እያለች ያሳደገችው ሰው በጠዋት ገብቶ «አርፈው ይሥሩ!» የሚል ትእዛዝ ሲያነብ አፉን ይዘጋል እንጂ አያርፍም። እነሆ በማሽን ክፍሉ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር ተሠራ።

ማንም እንዳላረፈ ሲያውቁ ደግሞ ያረፈ ይመስገን ብለው የስም ዝርዝር እንዲለጠፍ አዘዙ። ዝርዝሩ በዋናው በር ፊት ለፊት፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ባለው ሰሌዳ ላይ ወጣ። ርዕሱ «በዚህ ሳምንት ያረፉ ሠራተኞቻችን» ይላል። ከሥሩ ጉርድ ፎቶግራፍና ሙሉ ስም አለ። ከሁሉ በታች «መምሪያው የተሰማውን ልባዊ ደስታ ይገልጻል» ተብሎ ተዘግቷል።

ሙጫ እያልን የምንጠራውን ጠራዣችንን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው እሱ ነው። ባለቤቱ ቤት የረሳውን መነጽር ልታቀብለው መጣች። መጀመሪያ ፎቶውን አየች፣ ቀጥላ ርዕሱን አነበበች፣ ልባዊው ደስታ ላይ ስትደርስ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ኧረ ዛሬ ጠዋት እኮ ካልሲዬ የታለ ብሎ ሲጨቃጨቀኝ ነው የወጣው! ምነው ፈልጌ በሰጠሁት!» እያለች ከበሩ ሥር ተቀመጠች። የጥበቃ ሠራተኛው ሊያረጋጋት ቀርቦ «እትዬ፣ አይደንግጡ፤ እዚህ ቤት በየሳምንቱ ነው የሚያርፉት» ቢላት ባሰባት። ሙጫ ጩኸቱን ሰምቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየሮጠ ወጣ። አየችው፣ አቀፈችው፣ ትንፋሿ ሲመለስላት በመነጽሩ ማኅደር አናቱን አለችው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሙጫ አንድም ጊዜ አላረፈም፤ ባለቤቱ በምንም ምክንያት እንዳያርፍ አስምላዋለች።

«ዕረፍት የወሰዱ» ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አንዲት የቀይ እስክርቢቶ ጭረት ትበቃ ነበር፤ ጠረጴዛዬም ከሰሌዳው በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ናት።

5. ስለ ቤተሰብ። «ከሥራ ሲወጡ ከቤተሰብዎ ጋር ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ ራትዎን አብረው ይብሉ» ይላል ማስታወቂያዎ። ከጻፉት ሁሉ ይህ አንዱ እውነት ነው፤ አንድ ፊደል አላርምበትም። ይህን ልማድ በሚገባ እንድንለምደው ብለው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መቅረት የማይቻልበት ሥልጠና አዘጋጁልን። ከቤተሰብ ጋር ስለ መራመድ በምንማርበት ሰዓት ቤተሰባችን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

ቀልዱን እዚህ ላይ ለጥቂት ላቁመው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አምና ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰነፈ። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ሁሉ አስበልጦ ያዘዘለት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድን ነው። አባቴ ደግሞ ኩሩ ነው፤ ከእኔ በስተቀር ሰው ክንዱን እንዲይዘው አይፈልግም። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ ጫማውን አድርጎ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አገኘው ነበር። በአንድ እጁ ጫማ ማድረግ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅበት አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ይጀምራል። በመጀመሪያው ወር እስከ ግቢው በር ሄድን። በአራተኛው እስከ ፋርማሲው ማዕዘን። በስምንተኛው ከፋርማሲው አልፈን ሦስተኛውን የመብራት ምሰሶ ነካን፤ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ የሳቀው ሳቅ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ሥልጠናዎ ከተጀመረ አምስት ሳምንት ሆነው። ስደርስ ጨልሟል፤ በጨለማ ደግሞ የመንገዱን ጠርዝ አያይም። ጫማውን አውልቆ አገኘዋለሁ፤ «ነገ» ይላል፣ እኔም «ነገ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከወንበሩ ለመነሣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ተሳካለት። ፈራሁ። ለዚህ ጨዋና ያማረ ዓረፍተ ነገር ልፈልግለት ሞክሬ ነበር፤ አልተገኘም። ፈራሁ ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ከሥልጠናው ቀርቼ አብሬው ተራመድኩ። ማክሰኞም ደገምኩት። ረቡዕ ጠዋት ከመምሪያዎ የተጻፈ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። «ከቤተሰብ ጋር ስለ መራመድ ከሚሰጠው ሥልጠና ለሁለት ቀናት የቀሩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዱ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢቀሩ ግን ከሥራ እንደሚሰናበቱ» ይላል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው፦ ከቤተሰቤ ጋር እየተራመድኩ ነበር። የተጠየቅሁትን በአጭሩ ያስረዳሁ ይመስለኛል።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጠነከረው ልባችን፣ ስለ ሙጫ ትንሣኤም ጭምር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቁልፉን ለጸሐፊዎ ልተውላቸው፣ ሊፍቱም እንደታሸገ ይቆይ፤ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዓትን ይመልሱልኝ። በሙያዬም ልረዳዎ ብዬ ማስታወቂያዎ ላይ የተዘለለውን ቦታ በቀይ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፦ «3. ሠራተኛው በሰዓቱ ወደ ቤቱ ይሂድ።» አምስት ቃል ናት። ሥልጠና አያስፈልጋትም።

ለሚሰጡኝ ቀና ትብብር፣ ካልሰጡኝም ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡልኝም ስለ ጤናችን ሲሉ ከወረቀት ጥቅል ጋር ለተጓዙት ጉዞ ሁሉ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሣሁ፣

ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው አራሚ
እስካሁን ያላረፈች

ግልባጭ፦
ጥቁር ጠርዝ ላለው ሰሌዳ
ለሙጫ ባለቤት
ጫማውን አድርጎ ለሚጠብቀኝ አባቴ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ማክሰኞ ዕለት ከፋርማሲው አለፍ ብለን አባቴ ትንፋሹን ሊሰበስብ ሲቆም፣ ከአረንጓዴው በር ደጃፍ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ሰላም አሉን። የምሠራበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ልጄ እኮ የእናንተ የጤናው ኃላፊ ነው! በየማታው እየመጣ ያራምደኝ ነበር፤ ሥልጠና አለብኝ ካለ ወዲህ ካየሁት አምስት ሳምንቴ። ለመሆኑ ደኅና ነው? ያርፋል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ያርፋል ልል ከአፌ ሲደርስ፣ ይህ ቃል በእኛ ቤት የሚያደርገውን አስታውሼ ዋጥኩትና ሥራ ላይ ነው አልኳቸው። ከበርጩማው ተነሡ፤ የአባቴን ደኅነኛ ክንድ ያዙና እስከ ሦስተኛው ምሰሶ አብረውን ሄዱ። አባቴም ክንዱን አልነጠቃቸውም። ለሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀጣጥረናል፤ ሥልጠናው ላይ ስሜ ተጠርቶ ከታጣሁ፣ እናትዎን እያራመድኩ ነውና የስንብቱን ደብዳቤ ለእርሳቸውም ግልባጭ ያድርጉላቸው።