ፊቴማ ደኅና ነው

ዮርዲዬ፣ አክስቴ ሊያሳብዱኝ ነው! አምና የተነሱት የጡት ራጅ ፊልሙ ጠቁሮ ምንም አይታይም ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ግን በኮምፒውተር ተነሱ፤ ሐኪሟ ምስሉን አጉልታ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ አሳየችንና «ቶሎ ትውጣ» አለች። እሳቸው ግን «ፊልሜን አምጡ! የንስሐ አባቴ ለፀሐይ ይዘው ሳያዩት አልቀደድም» ብለው ድርቅ አሉ። እዚህ ፊልም ቀርቷል፤ የሰጡን ሲዲ ነው። እሱን ወደ መስኮቱ ቢያዞሩት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይኸ የሚያሳየው ፊቴን ነው፤ ፊቴማ ደኅና ነው!»

በይ፣ ሲዲውን ከዚህ ፖስትካርድ ጋር ልኬልሻለሁ። የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ ሕይወትን እምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ወስደሽ በኮምፒውተር አሳዪያቸውና ፈቃዳቸውን ለአክስቴ በስልክ ይንገሯቸው። የአርብ ገበያን ሰው በሙሉ ሰላም በይልኝ። መብራት ከሌለም አባን ሳያዩት እንዲፈቅዱ ለምኛቸው፤ ነጥቧ መብራት እስኪመጣ አትጠብቅም።

ሣራ