የተጸለየበት ብስክሌት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ከሥራ መልስ

ሰንሰለቱን እየጠረግኩ ነው። የዚህ የምኖርበት ሰፈር፣ የስካይዌይ ዝናብ የማይበላው ነገር የለም፤ አንድ ቀን ካለፈኝ ይዝጋል። ጨርቁን ወደ ፍሬሙ አሻገርኩ። ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ላይ ፀጉር ተለጥፏል። ጠረግኩት። አልሄደም። ፋቅኩት። ጥፍሬን ያዘው።

ፀጉር አይደለም፤ ስንጥቅ ነው።

ደብተሬ፣ ብስክሌቱን ታውቀዋለህ። ባለፈው ወር ጋሽ ታደሰ የሰጡኝ ነው፤ የቤ/ክ ሽማግሌያችን። ዲቪ ደርሶህ እዚህ አገር ከመጣህ ሐበሻ ሁሉ ጋራዡን አንተ ላይ ይገለብጣል። እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፣ የሦስት ሰው ላብ የጠጣ ፍራሽ፣ እጅጌው የሚያጥር ካፖርት። ሁሉንም ተባረኩ ብዬ ተቀብያለሁ። ብስክሌቱማ በጉባኤ ፊት ነው የተሰጠኝ። ጋሽ ታ. ኮርቻው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ላብ በግንባራቸው እስኪወርድ። ለብስክሌት! በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

ነገ በዚህ ነገር ቁልቁለቱን እወርዳለሁ? አልወርድም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሁለት ቀን በአውቶብስ፣ ሁለት ቀን ማርፈድ። ሲታክ አየር ማረፊያ፣ የመንገደኛ መኪና የማቆምበት ቦታ፣ አለቃዬ ከንጋቱ ፈረቃ አውጥቶ ከሰዓት አደረገኝ። አላኮረፈም፣ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ነው ስሜን የሰረዘው። እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ እጠላለሁ።

የምኖረው የአክስቴ ልጅ ዮናስ ዘንድ ነው። ስንጥቁን አሳየሁት። አሥር ዓመት አሜሪካ አፉን አስፍቶለታል፤ ከአፉ በላይ ያለውን ግን አልነካውም። ሙጫ ቀብተን በቴፕ እንጠቅልለው ነው የሚለው። ጓደኛው ግርማም መጣ፤ አዲስ አበባ በርና መስኮት ይበይድ የነበረ። እሱ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ብየዳ አዲስ ይሆናል ባይ ነው። ከፍሪጁ ላይ ማግኔት አንስቼ ቱቦው ላይ ለጠፍኩ። ወደቀ። ብረት አይደለም፣ አልሙኒየም ነው አልኩት። ግርማ ማግኔቱን አገላብጦ አየና ማግኔቱ ደካማ ነው አለ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።

ዮናስ ቴፕ ይዞ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከዚያ ሁለቱ ባንዲራው መሃል ኮከብ ይኑር አይኑር ብለው ተጣሉ። እራት እስኪቀርብ። የእኔ አንገት ሊሰበር መሆኑ ከነጭራሹ አልተነሳም።

ሞኞች ናችሁ አልኳቸው? አላልኩም። አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በባቡር እስከ ኖርዝጌት፣ የከተማው ሌላ ጫፍ። እዚሁ አቅራቢያ ብስክሌት ጠጋኝ ጠፍቶ አይደለም። ግን በየመንገዱ የቤ/ክ ሰው አለ፤ ጋሽ ታ. የሰጡት ብስክሌት ተበላሸ የሚል ወሬ ከእኔ ቀድሞ እሳቸው ቤት ይገባል። እና የከተማውን ወገብ አቋርጬ ሄድኩ። ለይሉኝታ።

ጠጋኙ ክንዱ ሙሉ ንቅሳት ነው፤ ሲናገር ደግሞ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ይመስላል። አጠበው፣ መብራት አበራበት፣ ቀለሙን ትንሽ ፋቀው። ስንጥቁ ከቀለሙ አልፎ አልሙኒየሙ ውስጥ ገብቷል፤ የቱቦውን ሲሶ ዞሯል። ተራ ብረት ቢሆን አዋቂ በያጅ ያድነው ነበር አለ። አልሙኒየም ግን የብየዳው ሙቀት ራሱ አጠገቡ ያለውን ያደክመዋል፤ እንደገና ምድጃ ገብቶ መጠንከር፣ መቃናት አለበት፤ ለዚህ ፍሬም ማንም አይደክምም። ሙጫና ቴፕስ? ስንጥቁን ይደብቃል እንጂ ሰው አይሸከምም። ሲሰበር ያስጠነቅቃል ወይ አልኩት። የለም፤ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ስትይዝ፣ ባንዴ ነው።

ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ኮርቻው ጤነኛ ነው፤ ሌላ ደህና ፍሬም ላይ ይገጠማል። ይኼንን ግን በመጋዝ ቁረጠው አለ። እንዳለ ከጣልከው አንዱ አንስቶ ይነዳዋል። መጋዙን እዚያው ዘረጋልኝ።

እምቢ አልኩ። የተጸለየበትን ስጦታ በመጋዝ! ጋሽ ታ. ቢሰሙስ? እየገፋሁ ተመለስኩ። ለልጅ እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ መናገሩ አናዶኛል። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ታ. ትከሻዬን ያዙ። ብስክሌቱ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ ነው፣ ተባረኩ። ታዲያ አውቶብስ ስትጠብቅ አየሁህ? ለዝናቡ ነው አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ። ምስጋና አልጠገቡም ማለት ነው። ሽማግሌ ሲባሉ ውለታቸውን በየሳምንቱ ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሆድ ይፍጀው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ብስክሌቱ ከቤቱ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ማንንም አይጎዳም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጉድ ሆንኩ።

ጋሽ ታ. ማይክ ያዙ። እህት መሠረት በቅርቡ ከአገር ቤት መጥታለች፤ ሲታክ ሆቴል ታጸዳለች፤ መኪና የላትም። የምትኖረው ከእኛ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ፣ ያው ቁልቁለት አናት ላይ። ወንድማችን በአውቶብስ እየሄደ ስለሆነ ብስክሌቱ ለእሷ ይለፍ አሉ። ጭብጨባ፣ ሃሌሉያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ደስ ይልሃል አይደል አሉኝ። አዳራሹ ሙሉ አንገት ዞረ።

ደስ ይለኛል አልኩ።

መሠረት መጥታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ሕፃን ሳለሁ ነድቼ አውቃለሁ፤ አይረሳም ይላሉ አለችኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ልትወስደው ነው። ከልብ ነው ያመሰገነችኝ።

በዮናስ ቴፕ የሳቅኩት ሰውዬ! የእኔ ቴፕ ከእሱ በምን ይሻላል? ሁለት ቃል ነው የለጠፍኩበት። ደብተሬ፣ ዛሬ የምንቀው ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ደወልኩላቸው።

ጋሽ ታደሰ፣ ብስክሌቱ ከመሪው ሥር ተሰንጥቋል፤ ገና ከመስከረም ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት አልኩ። ባንድ ትንፋሽ። ውለታ ቢስ እስኪሉኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዝግ ባለ ድምፅ፦

“አንተም አይተኸው ነበር?”

ለእሳቸውም ብስክሌቱን አማቻቸው ነው የሰጣቸው። ለልደታቸው፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት። ምን ይበሉት? ቀለም ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። አንድ ቀን አልነዱትም።

“ታዲያ እንደዚያ ላብ እስኪያጠምቀኝ የጸለይኩት ለምን ይመስልሃል የኔ ልጅ?”

ለእሳቸው ያጠራቀምኩት ስድብ ብዙ ነበር። የት ገባ? አልሳቅኩም፣ አልተናደድኩም። አፈርኩ። እሳቸው ቢያንስ ጸልየውልኛል። እኔ ለመሠረት ያችንም አላደረግኩም።

ወስነናል። ይዘዋት ይመጣሉ፤ እሷው ፊት እንቆርጠዋለን። ደህና ፍሬም እስኪገኝ ድረስ በየጠዋቱ ራሳቸው በመኪና ሊያደርሷት ቃል ገብተዋል። እኔ እናገራለሁ፣ መጋዙን እርስዎ ይያዙ አልኳቸው። እሺ አሉ።

1 ሰዓት ከሩብ

ጎማዎቹን ፈታሁ። ኮርቻውን፣ ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱን ፈታሁ። ሁሉም ጋዜጣ ላይ ተደርድሯል። የዮናስ መጋዝ ዝጓል ግን ይቆርጣል። እሱ ራሱ መስኮት ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፤ አብደሃል የሚል ፊት አለው። ይበል።

መኪናቸው ቆመ። መጀመሪያ መሠረት ወረደች፤ እየሳቀች። ከወዲያ ማዶ እጇን አወዛወዘችልኝ። በሌላው እጇ ሄልሜት ይዛለች፤ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም። ጋሽ ታ. መሪያቸውን እንደጨበጡ ቀርተዋል፤ አይወርዱም። ልሂድና መጀመሪያ እሷን ይቅርታ ልጠይቅ፤ መጋዙ ከዚያ በኋላ።