«ባለቤትህስ?» ይሉን የነበሩት ሲስተር ዐርፈዋል

ከከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶች መረዳጃ ማኅበር
ለአባላት፣ ለአባላት ባለቤቶችና ለሚመለከተው ሁሉ

ከጭነት መኪና ማቆሚያችን ጀርባ ባለው ጤና ጣቢያ የአባላዘር በሽታዎችን በመመርመርና በማከም ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሲስተር፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ከትናንት በስቲያ ማለዳ ዐርፈዋል። ማኅበራችን ከባድ ሐዘን ተሰምቶታል። ከባድ ስንል ለወጉ ያህል አይደለም፤ ጭነት የምናውቅ ሰዎች ነን።

ሲስተር ወደዚህ የተመደቡት አስፋልቱ ገና ሳይደርሰን ነው። በዚያን ጊዜ ሽንቱ እንደ እሳት የሚያቃጥለው፣ መግል የሚወርደው፣ ብልቱ ላይ ቁስል ያወጣ አባል ሁሉ የሚሮጠው ነዳጅ ማደያው ጥግ መርፌ ወደሚወጋው ሰውዬ ነበር። ሰውዬው በአንድ መርፌ ሁሉንም ይወጋል። ጨብጥ ላድን ብሎ ሌላ የባሰ በሽታ ሲያተርፍልን ኖረ። በእሱ እጅ የወደቁትን አባሎቻችንን ቀብረናል፤ ስማቸውን አናነሣም፣ ልጆቻቸው ዛሬ መሪ ይዘዋል።

ድልድዩ በተሰበረበት ክረምት መኪኖቻችን ተገትረው ሲከርሙ፣ ሲስተር በጭቃው ውስጥ ከመኪና መኪና እየዞሩ «ኑ፣ ታከሙ» አሉን። ለአባሎቻችን ግን በ«ያ በሽታ» ክፍል ደጃፍ መታየት ከሞት አላነሰም። ስለዚህ አለቆቻቸውን ተሟግተው ክፍላቸውን ከጥርስ ሐኪሙ ጎን አዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ጉንጩን ሳይዝ የገባ ወንድ የለም። የጥርስ ሐኪሙም «ኧረ ይኼ ሁሉ ሰው ጥርሱን ታሞ፣ እኔ ጋ እንዴት አንድ እንኳ አይመጣም?» እያሉ ይስቁ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሲስተር አንድ ሌላ ጉዳችንን ደረሱበት። እኛ ዳቦም ሆነ ሲጋራ ከረዳት ጋር ተካፍለን የምንኖር ነን፤ ኪኒኑንም ተካፈልነው። ሾፌሩም ረዳቱም ግማሽ ግማሽ ዳኑ፣ በሽታው ግን ጎብዞ ተመለሰ። «ተካፍሎ መብላት ለዳቦ ነው፣ የኔ ጌታ! ለኪኒን ስስታም ሁን፣ ብቻህን ጨርሰው» አሉ። ከዚያም ከጠረጴዛቸው እግር ላይ ኩባያ በገመድ አስረው፣ የሚዋጠውን ፊታቸው ማስዋጥ ጀመሩ።

ከሥራቸው ሁሉ የከበደው ግን «ባለቤትህስ?» የሚለው ጥያቄያቸው ነበር። ብቻውን የመጣ ወንድ «እሷ ምንም አላመማትም» ያለ እንደሆነ፣ «ሴት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ነው ማሕፀን የሚበላው። አንተ ድነህ ስትመለስ እንደገና ይይዝሃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከማን አመጣሽው ብለህ ልትመታት ነው» ይሉታል። «ባለቤትህ ያልሆነችም ካለች ትምጣ፤ በሽታው ቀለበት አይጠይቅም» ይላሉ። ለዚህ ቃላቸው ትዳር አፍራሽ ተብለው ተሰድበዋል፣ ከተከራዩት ቤትም እንዲወጡ ተደርገዋል። ሆኖም የነፍሰ ጡር ሚስቶቻችንን ደም እየመረመሩ ቂጥኙን በጊዜ ስላከሙ፣ ሞተው ይወለዱ የነበሩ ልጆች አልቅሰው ተወለዱ። ሲወለዱ ዓይናቸው መግል ይዞ ሊጠፋ የነበረ ልጆችም ዛሬ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ዳገት ላይ ይቀድሙናል።

አሁን ወደ መራራው ነገር እንገባለን። ሲስተር ታመው ሲተኙ ከአባላት መካከል የጠየቃቸው የለም። ትናንትም በለቅሶ ቤታቸው ደጅ አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ለማኅበሩ የተናገሩትን እንዳለ እናስቀምጣለን፦ «መኪናው ይመጣል፣ በራችን ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ነድቶ ይሄዳል። እህቴ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ስታክም የኖረችው? ሳጥኗን የሚሸከም ሰው ልከራይ እንዴ?»

ምክንያቱን እናውቃለን። ያለቀሰላቸው ሁሉ «ለካ ይኼም ታሞ ኖሯል» እንዳይባል ነው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ገደል ለገደል ስንነዳ የማንፈራ ወንዶች፣ አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ፈራን።

ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ወስኗል፤ ውሳኔውም አይቀለበስም። ቀብሩ ነገ ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ጭነት አያነሣም። ሳጥኑን የሚሸከሙት አባላት ናቸው። እያንዳንዱ አባል ከባለቤቱ ጋር፣ ጎን ለጎን ሆኖ፣ በፊት ለፊቱ መንገድ ይምጣ። ያፈረ ጉንጩን ይዞ ይምጣ፤ ይህንንም ፈቅደናል። መቅረት ግን አልተፈቀደም።

ለታናሽ እህታቸው፣ ለጥርስ ሐኪሙና ለጤና ጣቢያው ባልደረቦች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እሜቴ፣ ሰው መከራየት አያስፈልግዎትም፤ ትከሻ አለን።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ባለቤቱን በሞት ስላጣ ብቻውን ይመጣል፤ ሳጥኑንም ከፊት ይይዛል። ሲስተር እንደ ልማዳቸው «ባለቤትህስ?» ቢሉት መልስ አለው፦ ቀድማዎታለች፣ እዚያው ይጠይቋት።