የጉድጓዱ መድኃኒትና የኔ ጾም

መጋቢት ፮፣ ሰኞ ጠዋት

ቢሬቱን፣ የማንጠባጠቢያውን ረጅም ቱቦ፣ አጥቤ ሰቀልሁ። የስታርች ሙጫውን አፍልቼ አቀዘቀዝሁ። የውሃ መድኃኒቱ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነጭ ዱቄት፣ ዛሬም ተመዝኖ ይበጠበጣል። አንተ ደብተር ሥራዬን ታውቀዋለህ፦ ሰማያዊው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ ማንጠባጠብ። ዱቄቱ ብርቱ ከሆነ ብዙ ጠብታ ይፈልጋል፤ ከደከመ በጥቂቱ ይነጣል። ደብረ ማርቆስን በሚያህል አገር ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል የምስዮን ቤት ትምህርቴ ለጣልያን ወታደር ውሃ አጣሪ አደረገኝ።

ዐቢይ ጾም ስለሆነ ፒፔቱን፣ ቀጭኑን የመለኪያ ቱቦ፣ እንደ ደንቡ በአፌ አልስብም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በከንፈሬ ውሃም አያልፍ። ፒፔቱን ረጅም ብርጭቆ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ እስከ ምልክቱ በራሱ ይሞላል፣ ላዩን በጣቴ ደፍኜ አወጣዋለሁ። ጣልያኑ ኬሚስት፣ ሰዉ ሁሉ ዶቶሬ የሚለው፣ እንዲህ ስሠራ እስካሁን አላየኝም።

መጋቢት ፯፣ ማክሰኞ

የወታደሩ ሰፈር በሙሉ ተቅማጥ ይዞታል። ደስ አለኝ፤ አንተን አልዋሽም። ደስታው ግን እስከ ቀትር አልቆየም። ወታደሮቹ የሚጠጡበትን ጉድጓድ ጠባቂ አያ ጌታነህን አሰሩት። ውሃውን መርዘሃል ነው የሚሉት። በየማለዳው ባልዲውን በአመድ የሚፈትግ ሰው። ጎረቤቴ ነው።

መጋቢት ፰፣ ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት

በጠዋት መጋዘን ገባሁ። የዱቄቱ በርሜል ክዳኑ አልተገጠመም፣ እርጥበት ገብቶበታል። ከዚያው ቀድቼ ፈተንሁ። ሰማያዊው ገና ማንጠባጠብ ስጀምር ጠፋ። ዱቄቱ ሞቷል። ውሃውን የበከለው ሰው የለም፤ መድኃኒቱ ነው ያልሠራ። በርሜሉን የሚከፍተው ደግሞ የራሳቸው ሳጅን ነው።

ለዶቶሬ ነገርሁት። እስቲ ድገመው አለኝ። ስነክር አየ። ፊቱ ተለወጠ። የፒፔቱ ውጭ ይርሳል፣ ጠብታ ይጨምራል፣ ይህ ልክ አይባልም አለ። አሁኑኑ በአፌ ስቤ ካሳየሁት ውጤቱን ራሱ ለአዛዡ ሊወስድ ቃል ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልሁት። ሳቀ። እንዳሻህ፣ መዘግየቱ ግን ባንተ ነው አለና ሄደ።

ያው ቀን፣ አራት ሰዓት

የአያ ጌታነህ ሚስት ዘርፌ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የኔ ብርጭቆ ባሏን ያወጣው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያወጣዋል አልሁ። አሁን አይሆንም ወይ አለች። ዶቶሬ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥሮኛል አልኋት። ለምን እንዲህ እንዳልሁ እንጃ። አመነችኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መሬት ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ሰቀሉት። ከቀትር በፊት፣ ገበያው ዳር።

ዶቶሬ ግን ረስቶ አልቀረም። በሰዓቱ ጠራኝ፣ ፒፔቱን ሰጠኝ። ሳብሁ። ምላሴን አቃጠለኝ። ቁጥሩ የጠዋቱ ቁጥር ነው፣ ጠብታ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጎበዝ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁን ልነክሰው ነበር። አልነከስሁም። ዕቃውን አጠብሁ።

መጋቢት ፱፣ ሐሙስ

ቀብር። ዘርፌ ሰው ፊት መረቀችኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው የተጨነቀልን እሱ ብቻ ነው አለች። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከቀብር መልስ ወደ ነፍስ አባቴ፣ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ። ሁሉን ነገርኋቸው። እሳቸውም ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ስበህ ብትተፋው ማን ይቆጥርብህ ነበር?»

ተናደድሁ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ለምን አልነገሩኝም? ቆሞ ማስቀደስን፣ መስገድን፣ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅን ሁሉ አስተማሩኝ። ይህን ትተው። አፍ አውጥቼ እንዲህ አልኋቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደግሞ እኮ መጠየቅ እችል ነበር፤ ቤታቸው ከላቦራቶሪው ቅርብ ነው። ጾሜ አኩርቶኝ ነው ያልጠየቅሁ። ጣልያን ፊት አንድ የራሴ የሆነ ነገር እንዲኖረኝ።

መጋቢት ፲፣ ዓርብ ማለዳ

አልሠራም ዛሬ። ይፈልጉኝ። ዘርፌ ቤት እሄዳለሁ። ምርቃቷን እመልስላታለሁ። የቀጠርሁት እኔ ነኝ፣ ዶቶሬ አሁኑኑ ብሎኝ ነበር እላታለሁ። ለቅሶ ያደረው ሰው ሳይበተን፣ በሁሉም ፊት። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ቆሜ እሰማለሁ።