ካህንም አስማተኛም

ለምወድሽ እኅቴ ለይርጋለም ኃይለ ገብርኤል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የለንደን ብርድ ከአንኮበር ይብሳል ያልሽን እውነት ነው ወይስ እኛን ለማጽናናት ነው? የነርስነቱ ትምህርትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ እማማም ወገቤን ብትልም ገበያ መውረዷን አልተወችም። እኔ ግን ዕረፍት አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ፣ አራት ጊዜ ተነሥቼ ግቢውን ዞሬ መጣሁ።

ነገሩ የመጣው በላክሽልኝ የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወልደአረጋይና ከአልዩ አምባው ዘይኑልአቢዲን ጋር በዘይኑ አባት ሱቅ ጓዳ እንጫወታለን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን በወረቀት እንጽፋለን፤ ዘይኑ ታሪኩን ይመራል፤ ሃያ ፊት ያለው ጠጠር ይጣልና ሰውየው ይድናል ወይም ይሞታል። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ መጥቶ፣ የንዑስ ከበርቴ ጨዋታ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አንድ ዘንዶ ገድሎ ሄደ።

መጽሐፉ ካህንና አስማተኛን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። ካህኑ በጸሎት ይፈውሳል፤ አስማተኛው ከድግምት መጽሐፉ ቃል አጥንቶ እሳት ይወረውራል። ሁለቱንም መሆን የፈለገ ይችላል፤ ግን በጨዋታው የሚያገኘው የልምድ ነጥብ ለሁለት ስለሚከፈል በሁለቱም ከጓደኞቹ ኋላ ይቀራል። እኔ የደብተራ ልጅ ይህ ምን ይገርመኛል? ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ክታብ ሲጽፍ ስንቱን አይተናል! ሁለቱን ደባልቄ አንድ መሪጌታ ፈጠርኩና፣ በጨዋታው ከገባንበት ዋሻ የሚያወጣን እሱ ነው እያልኩ ስኮራበት ከረምኩ።

ያን ወረቀት አባባ ከዳዊቴ ውስጥ አገኙት። እዚያ የከተትኩት እኔው ጅሉ ነኝ። «ካህን፣ ሦስተኛ ደረጃ፤ አስማተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ፤ የሚያውቃቸው ድግምቶች» ይላል፤ ከላይ ደግሞ የእኔ ስም አለበት። አባባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። ለግንቦት ልደታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብተራዎቹ ጋር ማኅሌት ልቆም ነበር፤ እንደማልቆም በእማማ በኩል አስነገሩኝ። የስንት ዓመት ልፋቴ በአንዲት ወረቀት ሊቀር ሆነ። አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ። መጽሐፉንም ያቃጥሉታል ብዬ ዘይኑ ዘንድ አሸሸሁት።

ትናንት ከቀትር በኋላ ጠሩኝ። ጨዋታ መሆኑን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ይቆጣሉ ስል፣ ሁለቱን የሚደባልቅ ሰው ምን ይጎድልበታል ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ይዘገዩበታል አልኳቸው። ይህን የጻፈ ሰው ያውቃል አሉ። ከዚያ እኔ ሳልወለድ ስለሞተችው እኅታችን ስለ ደመቀች ነገሩኝ። ትኩሳት ሲጥላት ጸሎቱን ጀምረው ለክታቡ አቋረጡት፤ ክታቡን ጀምረው ለጸሎቱ ተዉት። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አድርሷት ያሏቸውንም፣ ይህን ልጨርስ እያሉ አቆዩ። በሦስተኛው ቀን አንዱም ሳያልቅ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ክታብ ጽፈው አያውቁም። እኔ እስከ ትናንት የማውቀው በሽታ ወሰዳት የሚለውን ብቻ ነበር።

ወረቀቱን አልቀደዱትም። ማኅሌት መቆም ከፈለግህ ልደታ ሳይደርስ አንዱን ፋቅ ብለው መለሱልኝ። አስማተኛውን ፋቅሁት። ዘይኑ፣ ታዲያ ከዋሻው ማን ሊያወጣን ነው ብሎ አኩርፏል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እታለም፣ አንቺ ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ሁሉን አይተሻል። ለምን አልነገርሽኝም? ነርስነትን የመረጥሽውስ ለዚህ ነው? መልስሽ እስኪደርሰኝ አንድ ቦታ አርፌ የምቀመጥ አይመስለኝም።

እማማ ወለተሐና ጉንጭሽን ትስማለች፤ ልብስ ደርቢ ትላለች። ወልደአረጋይ እንደምን አለሽ ብሏል። ዘይኑም ኩርፊያው ሳይበርድለት ሰላም በልልኝ፣ ጠጠርም ትጨምርልን ብሏል። አባባም ብዙ ሰላምታ አቅርበውልሻል። ምን ልጨምርላት ብላቸው ፊታቸውን ወደ ደጁ መልሰው፣ «ያን ቀን ክታቡ ሳያልቅ የቀረው እሷ ቀለሙን ስለደፋች አይደለም በላት፤ ቀለሙ ሞልቶ ቢሆንም አልጨርሰውም ነበር» አሉኝ።

ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት
አንኮበር፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.