የእምዬ መቀነት እና የአባባ ሞተር

ይድረስ ካለሽበት ኩዌት፣ ለእህቴ ለዓይናለም ኃይለሚካኤል።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሳሙና የላጠው እጅሽስ ሻረልሽ? ወገብሽስ? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ ወይስ አሁንም ግድግዳው ያቃጥላል? እንቅልፍ ያስተኙሻል? እኔም ከዚያው አገር የተመለስሁ ስለሆንሁ ምን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። ጥያቄውን ደርድሬ መልሱን እፈራለሁ እንጂ።

እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል በስልክ ስለው ቶሎ ያልቃል። በወረቀት ስጽፈው ግን እውነት መሆኑን ቆም ብዬ አየሁ። ደህና ነን። አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ላሟ ወለደች። ገብሱ ዘንድሮ ራሱን ደፍቷል። በስልክ ስንገናኝ አንቺም ደህና ነኝ፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ የጎረቤታችን የእትዬ ወርቅነሽ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ስትመለስ ታድርስልኝ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የምነግርሽ ስለ ሞተሩ ነው። አትሳቂ።

የእምዬ ሙት ዓመት ጥቅምት ሚካኤል መሆኑን አትረሽውም። ዘንድሮ ሁለተኛዋ ነው። የተቀበረችውም ከገሳይ ከተማ በላይ፣ በተወለደችበት ደብር ነው። አባባ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ በሞተሬ ነው የምሄደው ይሉ ነበር። ሚኒባስ አለ፣ መንገዱም አሁን ሰላም ነው ብላቸው፣ ሙሽራ ሆና የመጣችው ከዚህ ሞተር ኋላ ተቀምጣ ነው፤ ዛሬ በሚኒባስ ሄጄ ምን ልበላት አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ መንገዱ አልነበረም። ሞተሩ እምቢ ካለ እቤት እንደሚቀሩ አውቅ ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ መቅረት ከጀመረ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አይቀርም።

መስቀል ባለፈ ማግስት ከጥጆቹ በረት ጎን የከረመውን ሞተር ላስቲኩን ገለጥንለት። አባባ ደጋግመው ረገጡት፤ ተነሣ። ያው የልጅነታችን ድምፅ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ ግን፣ ቀንበር እንዳልለመደ ወይፈን ዘለለና የጎመኑን መደብ አልፎ አጥሩ ላይ ተተክሎ ጠፋ። አባባ አልወደቁም። ከላዩ ሳይወርዱ ጎመኑን ዘወር ብለው አዩና፣ ክረምቱን ሙሉ ሲፆም የከረመ ምን ይፈረድበታል አሉ። ሳቅሁ።

መናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ የከፈተውን ዋልልኝን ጠራሁት። አንቺ ስትሄጂ ገና ብስክሌት ይጠግን ነበር። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ ይህማ ከአጎቴ በዕድሜ ይበልጣል፤ አንተ ልበለው ወይስ አንቱ ብሎ አባባን ጠየቃቸው። አንቱ በለው፤ አንተ ሳትወለድ የከብት ክትባት ተሸክሞ እስከ እብናት እየወረደ ስንት በሬ አድኗል አሉት። ዋልልኝም ከዚያ በኋላ ቡሎን በፈታ ቁጥር ይቅርታ ጌታዬ ይለው ጀመር።

ችግሩ እንዲህ ነው፤ እኔም ገና አሁን ነው የገባኝ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ስትጨብጪ ውስጥ ተደራርበው ያሉት ሸራዎች መላቀቅ አለባቸው። ያኔ ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው ይሆናል፤ ማርሹም ያለ ጠብ ይገባል። የእኛ አልላቀቅ አለ። ዋልልኝ መጀመሪያ ከእጀታው የሚወርደውን ሽቦ፣ ካቦውን ጠረጠረ፤ ረግቧል ብሎ ወጠረው፣ አልሆነም። ለወጠው፣ አልሆነም። ዘይቱን አፈሰሰ፤ ክረምቱ ገብቶበት እንደ አሬራ ነጥቷል። አዲስ ሞላበት። ማርሹ አሁንም ጥርሱን ያፋጫል።

ሚካኤል እየቀረበ ነው። አባባ ጫማቸውን ቀለም ቀብተው ከአልጋው ሥር አኖሩት።

በመጨረሻ ዋልልኝ የጎኑን ክዳን ፈታ። ሸራዎቹ በሙቀት እንደ ተያያዘ የጧፍ እስር አንድ ሆነው ወጡ። በእርጥበቱ ተጣብቀው ኖሯል። እሱ በቢላ ጫፍ አላቀቃቸው፤ እኔ በነጭ ጋዝ አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። የሰው ማንኪያ ሲወለውል የኖረ እጅ ለዚህም በቃ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሚቆሽሽ ነገር፣ የራሳችን ነገር።

እየፋቅሁ ሳለ ዋልልኝ እንደ ዋዛ፣ ክረምት ሲገባ እጀታውን ጨብጦ ከመሪው ጋር ማሰር ነበር እኮ፤ እንደዚያ ሲሆን ሸራዎቹ ተለያይተው ይከርማሉ፤ አቶ ኃይለሚካኤል ይህን እንዴት ሳያውቁ ቀሩ አለ።

መፋቁን ተውሁ።

መቀነቱ፣ እታለም። ሰኔ ሲገባ አባባ የእምዬን አሮጌ መቀነት እጀታው ላይ ሲጠመጥሙ ታስታውሻለሽ? እኔ ለቡዳ ነው እል ነበር። አንቺ ደግሞ፣ እምዬ አባባ እንዳይኮበልሉባት ያሰረችባቸው ነው ትይ ነበር፤ እሷም ሰምታ ልክ ነሽ ትልሽ ነበር። ባለፈው ሰኔ ከእምዬ አንድ ነገር ላኩልኝ ስትይ፣ ቤት ውስጥ የቀረ አልነበረም። ቀሚሷም ነጠላዋም ከአርባዋ በኋላ ለነዳያን ተሰጥቷል። እኔ ሣጥኑን ስገለብጥ አባባ በዝናቡ ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ መቀነቱን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። ላኪላት አሉኝ። ያን ጊዜ እኔ የማስበው ስለ አንቺ ብቻ ነበር፤ ከየት ፈትተው እንዳመጡት እንኳ ልብ አላልሁም።

ዋልልኝ ሲሄድ፣ እንደሚጣበቅ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አውቃለሁ እንጂ አሉ። ታዲያ በገመድ አይታሰርም ነበር ወይ ብላቸው፣ ገመድማ ለበሬ ነው አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ጥጃዋ እያዩ፣ ፍሪሲዮን ይፈታል ይገጠማል፤ ልጅ ከባዕድ አገር ሆና ጠይቃ ግን ባዶ እጇን አትቀርም አሉ።

ሸራዎቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው አደሩ፤ ክዳኑ ተገጠመ። የቀረው ሁለተኛ ማርሽ ነበር፤ ይገባና ያመልጣል። ለካ አጥሩ ላይ ሲተከል የማርሹ መርገጫ ተጣሞ ኖሯል፤ ዋልልኝ አቃንቶ አንድ ጥርስ ከፍ አድርጎ መለሰው። አባባ ሜዳውን ዞሩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ማርሹን አውጥተው ፎሌ ላይ አቁመው ሁለት እጃቸውን ወደ እኛ ዘረጉ፤ ሞተሩ ማንም ሳይዘው ቆሞ ይንዶቀዶቃል። ዋልልኝ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

የሚካኤል ዕለት ከኋላቸው ተቀመጥሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተቀመጥሁት ልጠብቃቸው ብዬ ነበር። በምን እንደምጠብቃቸው ግን አላውቅም። ከገሳይ በላይ ባለው ዳገት ማርሽ ሲቀንሱ አንዲት ቅጽበት አለች፤ አንዱ ማርሽ ለቅቆ ሌላው ገና ሳይዝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም። በዚያች ቅጽበት ሁሉ ይታየኛል። ያ ያረጀ እጅ። ገደሉ። አንቺ ዘንድ የሚደወለው ስልክ። ከዚያ ጠቅ ይላል፤ ይይዛል፤ እንወጣለን። ከተመለስሁ ወዲህ እኔም እዚያች ቅጽበት ውስጥ የከረምሁ ይመስለኛል። እየጮኹ አለመሄድ። ግን አባባ አንድም ጊዜ አልሳቱም። ከዳገቱ አጋማሽ በኋላ እጃቸውን ማየት ትቼ የገብሱን ማሳ አየሁ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ጀርባቸው ይሞቃል።

ደብሩ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሞተሩን በድምፁ አውቀውት ተነሡ። አንደኛው፣ ኧረ ክትባት መጣ፣ ከብቱን አውጡ ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ መቃብሯ አጠገብ ብዙ አልቆዩም። መጣሁ ሲሏት ግን ሰምቻለሁ። በሞተሬ መጣሁ።

እትዬ ወርቅነሽ እንደ እናት እስምሻለሁ ይሉሻል። ዋልልኝ ካቦውን በከንቱ በመለወጡ ይቅር በይው፤ ሰላምታውም ብዙ ነው። ጥጃዋ ስም አልወጣላትም፤ አንቺን ትጠብቃለች። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ እኔን ሆነሽ ሰላም በይልኝ።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ጻፊ ይሉኛል። መቀነቱን በሰው እንዳትልከው በያት ይላሉ። ሰኔ ሳይገባ ራሷ ይዛው ትምጣ፤ ሞተሩ ለክረምት መታሰር አለበት፤ በሌላ ነገር አላስረውም በያት ይላሉ። አሁን ደግሞ ጻፍሽው ወይ ይሉኛል።

ጽፌዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ሰብለወንጌል ኃይለሚካኤል
ደብረ ታቦር
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.