ያልፈሰሰው ቱቦ፦ የጋሽ አያፈስ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ አያፈስ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት፣ ከፋኖስ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኝታ በሆነው ቤታቸው ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የተሰበረ የፋኖስ ብርጭቆ ወደ አባታቸው እሳት እያስጠጉ፣ ሰማያዊው ነበልባል ስለ ምን ቢጫ እንደሚሆን ይጠይቁ ነበር። አባታቸውም «እኔ የምጠግነው ፋኖስ ነው፤ ለምን የሚለውን ሌላ ሰው ይጠግንልህ» ይሏቸው እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1962 ዓ.ም. ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ብርጭቆን በነበልባል አለስልሶ በትንፋሽ መቅረጽንም ለሦስት ዓመት ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ክፍል የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ሠሪ ሆነው ተቀጠሩ። ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስም በምድር ቤት ካለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል አልተለዩም። በዚያች ክፍል አየራቸው ተመጥጦ የሚወጣ ቱቦዎችን ይሠሩና ያሽጉ ነበር። እርሳቸው ያሸጉት ቱቦ አየር አያስገባም፣ አያፈስም፤ ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1968 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ስልክ አገናኝ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል።

በግንቦት 1989 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኬሚስት፣ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስድስት አቶሞች እንደ ወንድማማች ተያይዘው የቆሙበት አንድ ውህድ ሠራች። ውህዱ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት እንደ ፍም ቀልቶ የሚያበራ ነበር። ሰኞ ዕለት ታሽጎ ያበራው ፈሳሽ ሐሙስ ላይ ደበዘዘ። የክፍሉ ኃላፊ «ውህድሽ ሞቷል፤ ሌላ ርእስ ፈልጊ» አሏት። ቱቦውን የጠረጠረ አልነበረም፤ ያሸጉት ጋሽ አያፈስ ናቸውና።

እርሳቸው ግን ቱቦውን በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ አንገቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኙ። ያን ሰኞ ባለቤታቸው ደውለው የታናሽ ልጃቸው የፈተና ውጤት መምጣቱን ሲነግሯቸው፣ በዝግታ መቀዝቀዝ የነበረበትን ብርጭቆ ከነበልባሉ ቀድመው አውጥተውት ኖሯል። ሰባብረው ቢጥሉት ማንም አያውቅም ነበር። በሃያ አራት ዓመት ያፈሩት ስም በአንድ ወገን፣ የልጅቷ ሥራ በሌላ ወገን ሆኖባቸው አንድ ቀን ሙሉ እህል እንዳልቀመሱ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ስብሰባ ገብተው «የሞተ ነገር የለም፤ ያፈሰሰው የእኔ ቱቦ ነው» አሉ። ኃላፊውም «ጋሽ አያፈስም አፈሰሱ? እንግዲህ ማንን እንመን?» ብለው ቀለዱ። ሰዉ ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም።

ፈሳሹን ወደ አዲስ ቱቦ ገልብጠው፣ አየሩን አስወጥተው ሲያሽጉት ቀዩ ብርሃን ተመለሰ። ሁሉም ደስ ሲለው እርሳቸውን አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ልጄ፣ አየሩ አበላሽቶት ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር። ታዲያ ብርሃኑ እስከ ዛሬ የት ከርሞ መጣ?»

«እኔም አላውቅም ጋሼ።»

«አለማወቅሽንማ አየሁት፤ ፈልጊያ።»

ፍለጋው ሁለት ዓመት ፈጀ። ለካ ውህዱ ከመብራቱ የተቀበለውን ኃይል በስንጥቁ ለገባው ኦክስጅን እያስረከበ ነበር የደበዘዘው። ኃይሉን የተረከበው ኦክስጅን ቁጡ ይሆናል፤ አጠገቡ ያገኘውን ጀርም ያጠፋል። የሁሉም ዓይን ድምቀቱ ላይ ሳለ ጥቅሙ ከመደብዘዙ ተገኘ። ዛሬ ይኸው ውህድ በሕሙማን ሰውነት ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎችን ከጀርም እንዲጠብቅ በሽፋንነት እየተሞከረ ይገኛል። ኬሚስቷ በጥናቷ መጨረሻ ስማቸውን አንሥታ ልታመሰግን ስትጠይቃቸው «ለስንጥቅ ምስጋና አይጻፍም» ብለው እምቢ አሉ።

ሁለተኛውን ቱቦ ግን ከነፈሳሹ በማስታወሻነት ተቀበሉ። ካልሲ በሚቀመጥበት መሳቢያ አኑረው፣ በየዓመቱ ባሸጉበት ዕለት በሰማያዊ መብራት ያዩት ነበር። የጋብቻቸውን ዕለት ዘወትር ይረሱ ስለነበር ባለቤታቸው «እኔንም አሽገህ መሳቢያ ብትከተኝ ታስታውሰኝ ነበር» ይሏቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ዓይናቸው ፈዝዞ የቱቦውን ብርሃን መለየት አቃታቸው፤ ቆይቶም ሳንባቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው ኦክስጅን ሲደረግላቸው ነርሷን «ይህን ጋዝ ዕድሜዬን ሙሉ ከቱቦ ሳባርር ኖሬ፣ ዛሬ አንቺ በቱቦ ትሰጭኛለሽ?» አሏት። የመሳቢያው ቱቦ አሁንም ይበራል ስንላቸው አላመኑንም። «በሽተኛ ታባብላላችሁ» ይሉ ነበር። ስማቸውን የመለሱበት እሽግ መያዝ አለመያዙን ሳያውቁ መሄድ ከብዷቸው፣ ፈተናውን ራሳቸው ደነገጉ፦ ሲያርፉ ኬሚስቷ ቱቦውን በቤተሰቡ ፊት ትክፈተው። አየር ሲገባ ከደበዘዘ እስከዚያች ደቂቃ ታሽጎ ኖሯል፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ቀድሞውኑ አፍስሷል።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው ቀርተናል።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ የሳሎኑ መጋረጃ ተጋረደ። አሁን የዚያው የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ኬሚስቷ ቱቦውን በሰማያዊው መብራት ፊት አቆሙት፤ እንደ ፍም ቀላ። አንገቱን ቆርጠው ፈሳሹን ከአየር ጋር ሲነቀንቁት ከሁላችን ቀድመው የጋሽ አያፈስ ባለቤት «ደበዘዘ» አሉ። አንድም ዓይን አልሳተውም።

ስለዚህ ሊያውቁት የፈለጉት ነገር በዚህ ጽሑፍ ተመዝግቧል፦ በግንቦት 1989 ዓ.ም. ያሸጉት ቱቦ ለሃያ ስድስት ዓመት ከአራት ወር አላፈሰም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ እኛንም የእርሳቸውን ያህል ጠያቂ ያድርገን።